ለእንድሪስ ያልወጣው ወፍ

እንድሪስ ባለባጃጁን የሰደበው ከልቡ ነበር። እንደ ወትሮው ከገርጂ ተነስቶ የልብስ ስፌት ሴት ሠራተኞቹን ወደ ቦሌ ለሚ ፋብሪካቸው ሲወስድ፣ ጎሮን አለፍ እንዳለ፣ የሰርቪሱ የግራ ስፖኪዮ ከፊት ለፊት ከሚመጣ ባጃጅ ጋር ተጋጭቶ ረገፈ። እንድሪስ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣

«አንተ! አውቶብስ የሚያህል ነገር አይታይህም?» ብሎ ጮኸ።

ባለባጃጁ ወጣት ነው፤ አልተቆጣም። የተቀደደ ሸራውን በእጁ እየዳበሰ፣ «እኔማ አይቼዎት ጥጌን ይዤ ቆሜ ነበር ጋሼ። የመጡብኝ እርስዎ ነዎት» አለው።

ሴቶቹ በሙሉ ለሾፌራቸው ወገኑ። ከፊት ወንበር ላይ የምትቀመጠው ቲጂ «ሂድ ወደዚያ! ባጃጅ ደግሞ ቆሞ ያውቃል?» ብላ አንባረቀችበት። ሌሎቹ ሳቁ። እንድሪስም ማርሽ አስገብቶ ነዳ። የልጁ አነጋገር ግን ቀኑን ሙሉ ከጆሮው አልወጣም። መቆጣት የነበረበት ሰው ሳይቆጣ ሲቀር፣ እውነቱ ወደ እሱ ያደላ ይመስላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከክረምቱ ወዲህ በእንድሪስ ግራ ዓይን ዳር ዳሩን ጭጋግ የመሰለ ነገር አለ። አያመውም፣ አያሳክከውም። የጠዋቱ ብርድ ነው፣ አቧራው ነው፣ እንቅልፍ ማጣት ነው እያለ ያልፈዋል። ለሚስቱ ለሐቢባ አልነገራትም። ሐኪም ቤትም አልሄደም፤ ሐኪም ዘንድ የሄደ ሰው የተነገረውን ይዞ ወደ ቤቱ መመለስ አለበትና። መንጃ ፈቃዱን የሚያሳድስበት ጊዜ ተቃርቧል፤ ለዚያ ደግሞ የዓይን ምርመራ ይጠየቃል። መንጃ ፈቃዱ ከሄደ ወንበሩ ይሄዳል። ወንበሩ ከሄደ ደግሞ፣ ከጉርምስናው ጀምሮ መሪ ጨብጦ የኖረ ሰው በማግስቱ ጠዋት ተነስቶ ማን ተብሎ እንደሚጠራ እንድሪስ አያውቅም። ስለዚህ ዓይኑን ዝም አለው። ሰው ከሚፈራው ነገር ጋር የሚኖረው እንዲህ ነው፤ አይጣላውም፣ አያነጋግረውም፣ በአንድ ቤት ውስጥ ጥግና ጥግ ይዘው ይከርማሉ።

የእህቱ ልጅ ሃይደር ያን ቴሌቪዥን ይዞ የመጣው በዚህ መካከል ነው።

ሃይደር ወሎ ሰፈር የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አለው። ዘመኑ ሁለት ሺህ ሰባት ነው፤ ስሪዲ የሚባል ቲቪ ወደ ከተማው ገባ፣ መነጽር አድርገው ሲያዩት ምስሉ ከመስታወቱ ወጥቶ ሳሎን ድረስ ይመጣል የሚባልበት ጊዜ። ሃይደር አንዱን ከዱባይ አስመጥቶ ሱቁ መሃል ሰቀለው። ሰው ይመጣል፣ መነጽሩን ያደርጋል፣ «ኧረ ጉድ ነው! በጣም አሪፍ ነው!» ይላል፣ ወጥቶ ይሄዳል። የሚገዛ የለም። ሃይደር ግራ ሲገባው አጎቱን አሰበ። ያለ ምክንያትም አላሰበውም።

እንድሪስ ከኮምቦልቻ የወጣው በአሰብ መስመር በሚመላለስ ተሳቢ ላይ ረዳት ሆኖ ነበር። ሾፌር ሆኖ ደህና ደመወዝ ሲያገኝ መጀመሪያ ያደረገው ነገር፣ ከአሰብ ባለቀለም ቴሌቪዥን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ማምጣት ነው። ያኔ የሚኖሩት ወሎ ሰፈር፣ ብዙ ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ነበር። በቀለም የሚያይ ቤት በአካባቢው አልነበረም። ማታ ማታ ግቢው ሁሉ እነሱ ቤት ይገባል፤ ወለሉ ሞልቶ ቦታ ያጣው በመስኮት ያያል። ሐቢባ መጋረጃ ሰቅላ አታውቅም፤ መስኮቱ የሕዝብ ነበራ! ከዚያ ቪዲዮ ዴክ ሲመጣ ቀድሞ የገዛው እንድሪስ ነው። ዲሽ ሲመጣም እንደዚሁ። አዲስ ነገር ቀድሞ የሚገዛ ሰው ዕቃውን የገዛ ይመስለዋል። የገዛው ግን ሌላው ሰው ገና ያልያዘበትን አጭር ጊዜ ነው። እንድሪስ ያን ጊዜ ሊኮራበት አልነበረም የሚፈልገው፤ ሊያካፍለው ነበር። ማካፈል የሚቻለው ደግሞ ሌላው እስካልያዘው ድረስ ብቻ ነው።

በኋላ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ደረሳቸውና ገርጂ ገቡ። ቤቱ ደህና ነው፤ ውኃው ቢጠፋም ይመጣል። ግን እዚያ ሁሉም ቲቪ አለው፣ ሁሉም በሩን ዘግቶ ያያል። እንድሪስ ዜና ሲሰማ፣ ከግድግዳው ማዶ ያው ዜና ትንሽ ዘግየት ብሎ ይሰማዋል። ሁለት ቤተሰብ በአንድ ግድግዳ ተደግፎ አንድ ነገር ለየብቻው ሲያይ ያመሻል። ይህን ለማንም አይናገርም እንጂ ይከብደዋል።

ሃይደር አንድ ቀን ትልቁን ካርቶን በሁለት ወጣቶች አሸክሞ ደረጃውን ወጣ።

«አጎቴ፣ ለጥቂት ቀን ቤትዎ ይቀመጥ። ካልወደዱት እኔው ራሴ አወርደዋለሁ። ከወደዱት እንነጋገራለን።»

የእንድሪስ ልጅ ሪሀና ኢንጂነሪንግ የምትማር፣ ልትመረቅ የደረሰች ናት። ሶፋው ክንድ ላይ ቁጭ ብላ ካርቶኑን በዓይኗ ለካችው።

«ሃይዱ፣ ምን ሊያዩበት ነው? የትኛው ጣቢያ ነው በስሪዲ የሚያስተላልፈው?»

«ፍላሽ አለ አይደል? ፊልም እጭንላችኋለሁ።»

«ስንት አለህ?»

«ለጊዜው ሦስት።»

«ሦስት!»

«ዛሬ ሦስት፣ ነገ ሠላሳ! ዲሽ ሲጀመርስ ስንት ጣቢያ ነበር?»

«ዲሽ መነጽር ካላደረጋችሁ አላሳያችሁም አላለም። ደግሞ ስንት መነጽር ነው ያለው?»

«አራት።»

«አምስተኛ እንግዳ ሲመጣ ምን ልናደርገው ነው? ኮሪደር ላይ ይቁም?»

«ወይ አንቺ! ካምፓስ ገብተሽ ክፉ ሆነሽ ቀረሽ» አለ ሃይደር እየሳቀ። «እትዬ ሐቢባ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱ።»

ሐቢባ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ «እኔ ምን አገባኝ። ሰዎቹ ከመስታወቱ ወጥተው ሳሎኔ የሚገቡ ከሆነ ግን ጫማቸውን በር ላይ ያውልቁ» አለች።

ሳቁ። ሪሀና ግን ሳቁ ሲያልቅ ወደ አባቷ ዞረች። «የምሬን ነው አባ። ቀድሞ የገዛ ሰው ለኋለኛው መሞከሪያ ነው የሚሆነው። ትንሽ ብንጠብቅ ወይ ይሻሻላል ወይ ይጠፋል።»

እንድሪስ ካርቶኑን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። «ሁሉም ከጠበቀ ማን ያየዋል?» አለ። ይህ መልስ አልነበረም፤ እሱም ያውቃል። በልቡ የነበረው ሌላ ነገር ነው፤ ሰው የሞላበት ሳሎን።

እሁድ ከሰዓት ሳሎኑ ሞላ። የምድር ቤቱ አቶ አስፋው መጡ፤ ከገቢዎች በጡረታ የወጡ፣ ልከኛ ሰው ናቸው። ፊት ለፊት ካለው በር እትዬ አልማዝ መጡ፤ የእሳቸው ነገር ለየት ይላል። እትዬ አልማዝ ያመሰገኑት ነገር ኖሮ አያውቅም። ደረጃው ይጠባል፣ ዘበኛው ያንቀላፋል፣ የሠርግ ወጡ ጨው አንሶታል። ሌሎችም መጡ፤ ከላይም ከታችም፤ በር ላይ ጫማው ተቆለለ። ሐቢባ ሻይና ሳምቡሳ እያዞረች ፊቷ በራ። እንድሪስ ደግሞ ከሳሎን ጓዳ፣ ከጓዳ ሳሎን ያለ ሥራ ይመላለሳል።

አዲስ ዕቃ የገባበት ቤት የሚመጣ ሰው ምን እንደሚል የታወቀ ነው። «እንኳን ደስ አላችሁ» ይባላል፤ «በደስታ ተጠቀሙበት» ይባላል። የሶፋው ቀለም ዓይን የሚያውር ቢሆን እንኳ «እንዴት ያምራል!» ይባላል። ወጥቶ ደረጃው ላይ የሚባለው ሌላ ነው። እንድሪስ ራሱ በስንት ሰው ቤት ያላመረውን አምሮታል ብሎ ወጥቷል። ይህን ውሸት የሚለው ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ሰው ደስታውን ይዞ ሲጠብቅህ ባዶ እጅህን ላለመግባት የምትይዘው ስጦታ ነው። ችግሩ እውነቱ የሚያስፈልግህ ቀን ነው።

ሃይደር ፍላሹን ሰክቶ ሪሞቱን ተጫነ። መነጽር የሌለው ሰው የሚያየው ምስል ሁሉ ሁለት ሁለት ሆኖ ተደራረበ። መነጽሮቹ በዕድሜ ታደሉ፤ አቶ አስፋው፣ እትዬ አልማዝ፣ ሌሎች ሁለት እንግዶች። ባለቤት የሚያየው እንግዳ ከጠገበ በኋላ ነው።

ፊልሙ ውስጥ ጫካ አለ። ከጫካው አንድ ትልቅ ቀይ ወፍ ተነስቶ ክንፉን ዘርግቶ ወደ ፊት መጣ።

«ኧረ በስመ አብ!» አሉ አቶ አስፋው፣ እጃቸው ሳያስቡት አየሩን ያዘ።

እትዬ አልማዝ ወደ ኋላ ፈንጠር ሲሉ ብርጭቆው ከእጃቸው ዘመመና ሻዩ ሶፋው ላይ ፈሰሰ። «ምን ጉድ ነው ይሄ! ዓይኔን ሊያወጣው ነበር እኮ!» አሉ።

ሳሎኑ በሳቅ ፈረሰ። መነጽሩ ከሰው ወደ ሰው ዞረ። በመጨረሻ ሃይደር ከአንዱ ተቀብሎ፣ «በሉ አሁን የቤቱ ባለቤት!» ብሎ ለአጎቱ አደረገለት። ፊልሙን ወደ ኋላ መለሰው።

እንድሪስ ተስተካክሎ ተቀመጠ። መነጽሩን ሲያደርግ ያ የተደራረበው ምስል አንድ ሆነ። ጥርት ያለ ጫካ፣ ጥርት ያለ ወፍ። ወፉ ተነሳ፣ ገዘፈ፣ አለፈ። እንድሪስ ጠበቀ። ቀሪው የት አለ? የሆነ ነገር ይመጣል ብሎ ጠበቀ። ሁሉም ፊት ወደ እሱ ዞሯል።

«ታዲያስ አጎቴ?»

እንድሪስ ራሱን ወደ ኋላ ሳብ አደረገና፣ «ማሻአላህ! ማሻአላህ! ይሄማ ተአምር ነው!» አለ።

አጨበጨቡለት። ሪሀና ብቻ አላጨበጨበችም። በር ላይ ቆማ አባቷን እያየችው ነበር።

እንግዶቹ ሲበተኑ እንድሪስ ልቡ ሞቅ ብሎት ነበር። ሐቢባ ሰሃን ስትሰበስብ እየተከተላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሳቀ።

«ያ ሃይደር እኮ አይቻልም! ብልሃቱ ገባኝ። መጀመሪያ ምስሉን ሁለት አድርገው ያበላሹታል፤ ከዚያ ያበላሹትን የሚጠግን መነጽር ይሸጡልሻል። በቃ ይሄው ነው!»

«ወፉስ?»

«ወፉ ምን?»

«ሲመጣብህ።»

«በይ ተይ ሐቢባ፤ እንግዶቹ ሄደዋል እኮ።»

«ምን ማለትህ ነው? አፍንጫዬ ድረስ መጣ! ልይዘው ነበር እኮ።»

«አንቺም ለሃይደር ብለሽ . . .»

ሐቢባ ሰሃኑን አስቀመጠች። «ለሃይደር ብዬ? ወላሂ ነው የምልህ እንድሪስ፣ ሳሎኑ መሃል መጣ።»

ሐቢባ በዋዛ የምትምል ሴት አይደለችም። እንድሪስ ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ሶፋው ላይ ያለውን የሻይ ነጠብጣብ አየው። አቶ አስፋው ጨዋ ሰው ናቸው፤ ለጨዋነት ብለው አየር ሊይዙ ይችላሉ። ሃይደር ነጋዴ ነው። እትዬ አልማዝ ግን! እትዬ አልማዝ ማንንም ለማስደሰት ሻይ የሚደፉ ሴት አይደሉም፤ የገዛ ልጃቸውን እንኳ።

ሐቢባ ሰሃኑን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። እንድሪስ ብቻውን ሲቀር ሪሞቱን አንስቶ ወፉን መለሰው። መነጽሩን አደረገ። ግራ ዓይኑን ጨፈነ፤ ምንም አልተለወጠም፣ ያው ጫካ፣ ያው ወፍ። ከዚያ ግራውን ከፍቶ ቀኙን ጨፈነ።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ቀኝ ዓይኑን ጨፍኖ አይቶ አያውቅም ነበር። ይህን ያህል ቀላል ነገር ያላደረገው ስላላሰበው አልነበረም። ጭጋጉ ዳር ላይ ነው ይል ነበር። ጭጋጉ ዳር ላይ አልነበረም፤ ሁሉም ጭጋግ ነው። መስኮቱ ባለበት በኩል ነጣ ያለ ነገር አለ። ሌላ ምንም የለም። ወፍ የለም፣ ጫካ የለም፣ የገዛ እጁ የለም።

«አባ።»

ሪሀና ነበረች። እንድሪስ መነጽሩን ቶሎ አወለቀ።

«ወፉ ካለፈ በኋላ ነው ራስህን ወደ ኋላ የሳብከው» አለች። ድምፅዋ ቀስ ያለ ነው። «ሁለቱም ዓይን ካላየ ወፉ ከመስታወቱ ወጥቶ አይታይም። ግራህ ነው?»

«ደክሞኝ ነው።»

«ባጃጁም በግራ ነበር የመጣው አይደል?»

የባጃጁን ነገር ለቤተሰቡ እንደ ቀልድ አውርቶላቸው ነበር። አሁን ከልጁ አፍ ሲሰማው ቀልድ አልመሰለም። ተቆጣ፤ መቆጣት ከሁሉ ይቀላል።

«እኔ አንቺ ሳትወለጂ ነው መኪና የያዝኩት! አንድ ዓይን ለመንገድ ይበቃል። ስንት ሰው በአንድ ዓይን ይነዳል!»

«እነዚያ ሴቶች እኮ እኩዮቼ ናቸው አባ።»

የመግሪብ አዛን ከሩቅ ተሰማ፤ እንድሪስ ውዱእ ለማድረግ ተነሳ። ወደ መታጠቢያው ሲሄድ፣ «ነገን ልንዳና እንነጋገራለን» አለ፤ ፊቱን ሳይመልስ።

ሰው «ነገን ብቻ» ሲል ከማን ጋር እንደሚዋዋል አላውቅም። ከአምላኩ ጋር እንዳይባል ነገን የሚሰጠው ራሱ አምላክ ነው። ከራሱ ጋር እንዳይባል ራሱ ቃሉን እንደማይጠብቅ ያውቃል። ብቻ ይላል፤ ብሎም ይተኛል።

ሲነጋጋ እንድሪስ ሰርቪሱ ወንበር ላይ ነበር። ሞተሩን አሙቆ፣ በሩን ከፍቶ፣ አዲሱን የግራ ስፖኪዮ አስተካክሏል። ሴቶቹ ሻርፕና ጃኬት ተከናንበው እየተንጫጩ ይገባሉ።

«ጋሼ፣ ቲቪ ገዙ አሉ! አንጋበዝም እንዴ?»

«ለእናንተ የሚሆን መነጽር የለም» አለ እንድሪስ እንደ ወትሮው ለመጫወት እየሞከረ።

«እኛ በስንጥቅ እናያለን!»

ሁሉም ተቀመጡ፤ ቲጂ ብቻ ቀረች። እንድሪስ ጊዜው መድረሱን አይቶ ፍሬኑን ፈታ። መኪናው ትንሽ ወደ ፊት ተንቀሳቀሰ። በዚያች ቅጽበት የግራው መስኮት ተንኳኳ። ዞሮ ሲያይ ቲጂ ከመስታወቱ ስር ቆማለች። አንድ እጇ መኪናውን ገፍቶ እንደ ማስቆም ብሎ ተዘርግቷል።

«ጋሼ! ሊረግጡኝ ነው እንዴ! ከማዶ ጀምሬ እጄን እያውለበለብኩ እኮ ነው የመጣሁት!»

እንድሪስ ፍሬኑን ያዘ። ከማዶ ጀምሮ። መንገዱን ሙሉ አቋርጣ፣ በእሱ በኩል፣ እጇን እያውለበለበች። አላያትም። ግማሽ እንኳ አላያትም።

ቲጂ ዞራ ገባች፣ ተቀመጠች፤ መኪናው ግን አልሄደም። እንድሪስ ሞተሩን አጠፋ። ስልኩን አውጥቶ ለስምሪት ኃላፊው ለእዝራ ደወለ።

«እዝራ፣ ተጠባባቂ ሾፌር ላክልኝ።»

«ምነው ጋሼ፣ መኪናው ተበላሸ?»

«መኪናው ደህና ነው። እኔ ነኝ። የግራ ዓይኔ አያይም።»

«እንዴ፣ ዛሬ ነው እንዴ የጀመረዎት? በቃ ዛሬን እንደምንም ቀስ ብለው ያድርሷቸው፤ መስመሩን እኮ ጨፍነው ያውቁታል። ነገ መላ እንፈልጋለን።»

እንድሪስ እጁ መሪው ላይ ነበር። አንድ ቃል «እሺ» ቢል ሁሉም ነገር በትናንቱ ይቀጥላል። የሚያዝዘው ሰው ራሱ ፈቅዶለታል። ማንም ሊወቅሰው አይችልም።

«ጨፍኜ ስለምነዳ ነው የደወልኩት» አለ። «ሰው ላክልኝ።»

ሴቶቹ ሰምተዋል። ከዚያ ከመሃል ወንበር ብሩክታይት የምትባለው፣ ነፍሰ ጡር ናት፣ ተነስታ ቆመች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«በትክክል አላውቅም። ከክረምት ወዲህ መሰለኝ።»

«ከክረምት ወዲህ? እና እስከ ዛሬ በአንድ ዓይን ነው ሲነዱን የነበረው? እያወቁ?»

«ግማሹን እያወቅሁ» አለ እንድሪስ።

«ተዪያቸው እስቲ፤ ነገሩን እኮ!» አለች ቲጂ።

«ለምን እተዋቸዋለሁ? አንቺን አሁን ሊረግጡሽ አልነበር?» ብሩክታይት ቦርሳዋን አንስታ ወረደች። አንዳንዶቹ ማርፈዳቸው ነው የቆጫቸው፤ ፋብሪካው በር ላይ ያረፈደች ከደመወዟ ይቆረጥባታል። አንዷ በሹክሹክታ አጠገቧ ላለችው የሆነ ነገር አለች። እንድሪስ ቁልፉን ይዞ ወርዶ በሩ አጠገብ ቆመ። የተናገሩትን ሁሉ ሰማ፤ ጆሮው ደህና ነው። አንዱንም ሐሰት ነው ሊል አልቻለም።

ተጠባባቂው ሾፌር ዘግይቶ ደረሰ፤ ጎረምሳ ነው። እንድሪስ ቁልፉን ሰጠው። ብሩክታይት ተመልሳ ስትገባ በአጠገቡ አለፈች፤ አላየችውም። ደረጃው ላይ አንድ እግሯን አድርጋ ግን ዞረችና፣ «ሐኪም ቤት ይሂዱ። ዛሬውኑ» አለችው፤ አሁንም እንደተቆጣች። ሰርቪሱ ሄደ። እንድሪስ ያንን መኪና ከኋላው አይቶት አያውቅም ነበር። በጣም ትልቅ ነው።

ከሐቢባ ጋር የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሟ በብዙ መሣሪያ ካየችው በኋላ የዓይን ግፊት ነው አለችው። ሳያሳምም፣ ድምፅ ሳያሰማ የሚሠራ በሽታ ነው። የግራው አልቋል፤ አይመለስም። ቀኙም ጀምሮታል፤ ግን ገና ነው፣ የታዘዘለትን ጠብታ በየቀኑ ካልረሳ ሊቆይለት ይችላል። «ጥቂት ወራት ቢዘገዩ ይሄንንም አናገኘውም ነበር። ማን ነገረዎት?» ብላ ጠየቀችው። እንድሪስ ወፍ ነው ሊላት ፈልጎ ተወው።

በቀጣዩ እሁድ ጎረቤቶቹ እንደገና መጡ፤ የአሁኑ ግን ለመጠየቅ ነው። ሃይደርም ቴሌቪዥኑን ልውሰደው ወይስ ይቀመጥ የሚል ነገር በሆዱ ይዞ፣ መጠየቅ ግን አፍሮ ተቀምጧል። እንድሪስ ራሱ አነሳው።

«ያን ቀን ተአምር ነው ያልኩት ውሸቴን ነው» አለ። «እኔ ወፉን አላየሁትም። እናንተም ለወጉ ያላችሁት መስሎኝ ነበር።»

አቶ አስፋው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኛስ አይተነዋል። ወፉ ይመጣል፤ ሐሰት የለውም። ግን . . . እውነቱ ከተነሳ ዘንድ፣ ቤቴ ገብቼ ራሴን ሲወቅረኝ ነው ያመሸው።»

«እኔን ደግሞ አቅለሸለሸኝ!» አሉ እትዬ አልማዝ። «በዚያ ላይ የገዛ መነጽሬ አለ፤ በላዩ ላይ ሌላ መነጽር! ጋደም ብዬ ላየው ብል ሁሉ ነገር ይደበላለቃል። የቤት ቲቪ ጋደም ተብሎ ካልታየ ምኑን የቤት ሆነ?»

«ከሰው ጋር እያወራሁ ማየት አልቻልኩም» አለች ከላይ ቤት የመጣችው። «መነጽር ያደረገ ሰው ሲያዩት ያለ አይመስልም።»

ሐቢባም ለጠቀች፤ «እኔም ከዚያ ቀን በኋላ አልከፈትኩትም። ምን ላይበት?»

ሃይደር ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ቀረ። «አሁን ነው እንዴ የምትነግሩኝ! ሱቅ የመጣው ሁሉ አሪፍ ነው፣ አሪፍ ነው እያለ የሚሄደው ለካ እንዲህ እያሰበ ነው!» ከዚያ ሳቀ፤ ሁሉም ሳቁ። ሪሀና «አላልኳችሁም ነበር?» ሳትል መቅረቷ ለእሷ ትልቅ ነገር ነው።

ያ ዓይነት ቲቪ እሷ እንዳለችው ብዙ አልቆየም፤ ጥቂት ዓመት ሳይሞላው የሚያነሳው ጠፋ። የጠበቀ ሰው ትክክል ነበር። እንድሪስ ቢጠብቅ ግን ትክክለኛውን ነገር እያደረገ ይታወር ነበር። ይህን ሁለቱን አንድ ላይ አድርጌ ለማሰብ ብዙ ሞክሬያለሁ፤ አንዱ ሌላውን አይሽረውም። አንድ ዕቃ ለታሰበለት ነገር የማይረባ ሆኖ፣ ላልታሰበለት ነገር ደግሞ የሰው ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል። ከዚህ ተነስቶ ግዙ ወይም አትግዙ ብሎ ምክር የሚሰጥ ሰው ካለ ከእኔ የበለጠ ደፋር ነው።

ስለ ሥራው እዝራ «እንነጋገራለን» ብሏል። ከዚያ ወዲህ አልደወለም። እንድሪስ ጠዋት ጠዋት በልማዱ ይነሳል፣ ሱብሂ ይሰግዳል፣ በረንዳ ላይ ይቆማል። ከዚያ የሚሄድበት የለውም።

ለሐኪሟ ቀጠሮ ከሐቢባ ጋር በወጡበት ጠዋት፣ ታክሲ ለመያዝ የገርጂን መንገድ መሻገር ነበረባቸው። ሐቢባ ዕድሜዋን ሙሉ ከባሏ በስተቀኝ ነው የምትሄደው። መንገዱ ዳር ሲደርሱ ግን ምንም ሳትናገር ከኋላው ዞራ በግራው ቆመች፣ ክንዱን ያዘች። እንድሪስ ቆመ። ከጎርፍም ከድልድይም ጋር ተናንቆ መኪና ያሳለፈ ሰው ነው፤ መንገድ ግራና ቀኝ ሳያይ ገብቶ አያውቅም። አንገቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ ሊያዞር ሲል ክንዱን ጠበቅ አደረገችው።

«ምን ታያለህ?» አለች። «ዝም ብለህ ተሻገር። በዚህ በኩል መኪና የለም።»